በክራቸው የምናውቃቸው መጻሕፍት

ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከጋዝጊብላ ገጠር ወደ ሰቆጣ ስመጣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም ነበር። ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከአገራችን ልጆች ጋር እሁድ እሁድ ቆሏችንንና በሷችንን ተሸክመን በእግራችን ወደ ከተማው እንመጣለን፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ልናመጣ እንመለሳለን። ከሁለት ልጃገረዶች ጋር የተከራየናት ክፍል ውስጥ ከአልጋና ከከሰል ምድጃ በቀር ምንም አልነበረም። ስናጠና እናጠናለን፤ ሲሰለቸን ስለ አገራችን እናወራለን።

ከመጻሕፍት ጋር ያስተዋወቀኝ የተቀደደ ጉርድ ቀሚስ ነው። አንድ ቀን እንዳይረፍድብኝ ብዬ በትምህርት ቤቱ አጥር ስሾልክ ሽቦው ያዘኝና ከጉልበቴ እስከ ወገቤ ተተረተረ። ነጠላዬን አገልድሜ ገበያው ጥግ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ወደሚሰፉት ሰውዬ ሄድኩ። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ የመነጽራቸውን እግር በክር ያሰሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጉርዱን ተቀብለው አገላበጡትና «ቁጭ በይ፣ ብዙ አያቆይም» አሉኝ።

ተቀምጬ ስጠብቅ ዓይኔ ከኋላቸው ካለው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ግማሹ ጨርቅ ነው። ግማሹ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበደ ነገር ነው፤ ጀርባው ሁሉ በክር የተሰፋ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በአረንጓዴ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ደብተር የማን ነው?»

«ደብተር አይደለም ልጄ። ተረት ነው።»

«ተረት ይጻፋል እንዴ?»

የስፌት መኪናቸውን አቆሙና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ይጻፋል። እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ አለ፣ ከተራራ ሥር የሚኖር ሕዝብ አለ። ለትልቅ ሰው ነው የተጻፈው። የአንዳንዱን መጨረሻ ለማየት ወር ይፈጃል።»

ወጣት ሳሉ ደሴ ሆነው ስፌት ሲማሩ፣ ከሚሠሩበት ቤት አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነበር። ተገንጥሎ ገዢ ያጣውን ለእሳቸው ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም በልብስ መስፊያቸው ጀርባውን ሰፍተው ይለብዱታል። የአብዛኛው የፊት ገጽ ስለጠፋ ርእሱንም ጸሐፊውንም የሚያውቅ የለም። በክሩ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ባለ ሰማያዊው፣ ባለ ቢጫው፣ ባለ ሁለት ክሩ።

የዚያን ዕለት ጉርዴን ለብሼ፣ ባለ ሰማያዊውን ይዤ ሄድኩ።

ሲያውሱ መያዣ አይጠይቁም። ሲመልሱላቸው ግን እንዲሁ ተቀብለው ከመደርደሪያ አይሰቅሉትም። መጀመሪያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያስቀምጡሻል።

«እህ፣ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ጥሩማ ጨውም ጥሩ ነው። ለማን ትሰጪዋለሽ?»

ግራ ገባኝ። መጽሐፉ የብረት ክንፍ ስላላት ወፍ ነው፤ የታመመ ሰው ባለበት ቤት ጣራ ላይ አርፋ እስኪድን ትጠብቃለች። ትንሽ አሰብኩና «ለጤና ረዳቷ» አልኩ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ እኛም ሠፈር የምትኖረው ሴት ማለቴ ነው። «ለምን?» አሉኝ። «እሷም በሽተኛ ስለምትጠብቅ።» ራሳቸውን ነቀነቁና መጽሐፉን ለብቻ አስቀመጡት።

ከሳምንት በኋላ ጤና ረዳቷ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «አንቺ ነሽ አሉ ያንን መጽሐፍ የመረጥሽልኝ!» ብላ ተቆጣችኝ። «ወፏ ክንፍ እያላት፣ ኃይል እያላት፣ ጣራ ላይ ተጎልታ ምን ትሠራለች? ገብታ አትረዳም?» ቆመን እስኪደክመን ተከራከርን። በመጨረሻ እየሳቀች፣ «በይ አንቺ ደግሞ ባለ ቢጫውን አንብቢ፤ አንቺን የመሰለች ግትር ልጅ አለችበት» አለችኝ። እንዲህ እያልን ነው የተያያዝነው። ማን ምን እያነበበ እንደሆነ እንጠያየቃለን። እህል መጋዘን የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘንዶ ከሌለበት አላነብም ይላሉ፤ ጤና ረዳቷ ሰው የሚሞትበትን አትወድም። እኔ የምጠላው አልነበረም። ሁሉም ነገር «ከዚያስ?» ያሰኘኝ ነበር።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ባለ ቀይ ክሩን ይዤ ወደ አገሬ ሄድኩ። ዝናብን ጋን ውስጥ ከድና ስለምታስቀምጥ ንግሥት ነው የሚያወራው። አገሩ ሁሉ ደርቆ የሷ ጓዳ ብቻ ይንጠባጠባል። የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ጋኖቹን የሠራው የእናቷ እጅ መሆኑን ስታውቅ፣ ንግሥቲቱን ልትለምን ትነሣለች።

እናቴ ገና ስታየኝ «የጠንቋይ መጽሐፍ እንዳይሆን» ብላ ጠበል ረጨችበት፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተጨማደዱ። አባቴ ግን ግቢው ውስጥ ገመድ እየገመደ ነበርና «እስቲ ምን ይላል?» አለኝ። እሱ ማንበብ አይችልም። አማርኛ ገበያ ላይ ይናገራል፣ ቤት ውስጥ ግን የምንግባባው በአገውኛ ነው። ስለዚህ አንዱን አንቀጽ በአማርኛ አነብና መልሼ በአገውኛ እነግረዋለሁ። ይህ ከመሰለኝ በላይ ከባድ ነበር፤ አባቴ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለምና።

«ዝናቡን በምን አድርጋ ጋን ውስጥ አስገባችው?»

«በአስማት።»

«አስማቱንስ ማን አስተማራት?»

«አይናገርም።»

«ጋኑ አይሰነጠቅም? ውኃ ሲከርም ይሸታል እኮ።»

ንግሥቲቱ ክፉ ናት ብዬ ስነግረው አልተቀበለኝም። «ምናልባት ለክፉ ቀን እያቆየችው ይሆናል» አለ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጓዳ ስትደርስ የገመደውን ገመድ ከጉልበቱ ላይ አወረደ። ታሪኩ ሲያልቅ ገመዱን መልሶ አነሣና፣ «እኛም አለን እንዲህ ያለ» አለኝ።

ከአባቴ አፍ ተረት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን ግን እየቆመ፣ ቃል እየመረጠ ነገረኝ። ከመንደራችን በታች ወንዙ የሚያርፍበት ኩሬ አለ። በአንድ የድርቅ ዓመት አንዲት ልጃገረድ ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች። ጎንበስ ስትል ከውኃው ሥር የለመለመ መስክ፣ መስኩ ላይ ነጫጭ ላሞች ታያለች። የላሞቹ ጌታ «ላሞቼን እለቢልኝ፣ አንቺም ጠጪ» ይላታል። እንስራዋን ከዳር አስቀምጣ ትገባለች። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በሌለበት ቀን ኩሬው ዳር ጆሮውን የሰጠ ሰው ወተት ስትንጥ ይሰማታል።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ አንድ ቀን ትወጣለች።»

በማግሥቱ ደግሜ ስጠይቀው «አትወጣም፣ እዚያው አግብታለች» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ትወጣለች አለ፤ ነገር ግን ማንም አያውቃትም። ተረት እንዲህ በየቀኑ ይለዋወጣል ወይ ብዬ በጣም ተገረምኩ።

ሰቆጣ ስመለስ ለልብስ ሰፊው ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጀመሪያ የተጨማደዱትን ገጾች አይተው ሳቁ። ስለ ኩሬዋ ልጅ ስጀምር ግን እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ።

«ይህ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው?»

«መጽሐፍ ላይ አይደለም። አባቴ ነው የነገረኝ።»

«መጨረሻው እየተለዋወጠ?»

«አዎ።»

«እስቲ አባትሽ ለገበያ ሲመጡ አምጪያቸው። ከራሳቸው አፍ ልስማው።»

አባቴ አንድ የገበያ ቀን ፍየል ሊሸጥ መጣና ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ አፈረ። ልብስ ሰፊው ወንበራቸውን ለቀውለት እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለ ገብስ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ። ከዚያ «ልጅዎ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር» ብለው ጠየቁት። አባቴ በገበያ አማርኛው፣ ባጭሩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረከው።

ሲጨርስ ልብስ ሰፊው፣ ማንም ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁት። «ልጅቷ የማን ልጅ ነበረች?»

«የእናቴ ልጅ» አለ አባቴ።

ያለውን እሱ ራሱ የሰማው ካለው በኋላ ይመስለኛል። ወዲያው ብድግ አለ። «መሸብኝ፣ ልሂድ» ብሎ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ገና እኩለ ቀን አልሞላም ነበር። ልብስ ሰፊው ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። «ያልሆነ ነገር ጠየቅሁ መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ዓርብ እስኪደርስ ጨነቀኝ። ቤት እንደ ገባሁ እናቴን ጓዳ አግኝቼ ጠየቅኋት። አባቴ ታናሽ እህት ነበረችው። ድርቁ በጠናበት ዘመን ሰው ሁሉ እህል ፍለጋ ሲበተን እሷም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ወደ መጠለያ ወርዳ ነበር፤ ከዚያ በመኪና ተጭነው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሠፈራ ተወሰዱ። ያኔ ከእኔ ትንሽ ብትበልጥ ነው። ደኅና ናት የሚል ወሬም፣ ሞተች የሚል መርዶም አልመጣም። አያቴ ልጄ ሞታለች ብላ ማልቀስም፣ ትመጣለች ብላ መጠበቅም አልቻለችም። ስለዚህ ለመንደሩ ሕፃናት ውኃ ወሰዳት እያለች ትነግር ጀመር። ደኅና ቦታ ናት፣ ወተት ትጠጣለች ትል ነበር።

«አያትሽ እስክትሞት ድረስ እየወረደች ኩሬው ዳር ትቀመጥ ነበር» አለችኝ እናቴ። «አባትሽ ነው ደግፎ የሚመልሳት።»

ይህን ካወቅሁ በኋላ አባቴን ስለ ተረቱ አልጠየቅሁትም። እሱም አላነሣውም። መጽሐፍ ግን አመጣለት ነበር። ክረምት ላይ ከቤት መውጣት ሲያስቸግር፣ ጨውን በሰማይ ላይ በግመል ስለሚያጓጉዙ ነጋዴዎች የሚተርከውን ባለ ሁለት ክሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩለት። «ግመሉ ደመናውን ሲረግጥ አይሰምጥም?» እያለ አዋከበኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ከሰቆጣ ስደርስ ግቢያችን ሰው ሞልቶበት አገኘሁ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ለቅሶም ነበር፤ ግን በመሐሉ እልልታ አለበት። ሰው እየገፋሁ ስገባ መደቡ ላይ የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች። የአበባ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጧል፤ እንደ ሕፃን።

አክስቴ ነበረች። ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ወንድሟ በሕይወት እንዳለ መልእክት ልከውላት፣ ሁለት ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ መኪና እየቀያየረች መጥታለች። አገውኛውን ይዛዋለች፣ ግን ግማሹ ጠፍቶባታል፤ ቃል ሲያጥራት በአማርኛ ትሞላዋለች። መጀመሪያ የጠየቀችው እናቷን ነው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወስደን መቃብሯን አሳየናት።

የመንደሩ ልጆች ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛቸው። በሄደችበት ይከተሏታል፤ ሲጠጉ እጇን ይነኩና ይሮጣሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «ምንድን ነው የሚንሾካሾኩት?»

መናገሩ ይሻል አይሻል አላወቅሁም። ግን ዓይኗ እውነት ፈልጎ ነበርና ነገርኳት። «ከውኃ የወጣችው ናት ይላሉ» አልኳት። ከዚያ ታሪኩን ሁሉ፣ እንስራውን፣ ነጫጭ ላሞቹን፣ የወተቱን ድምፅ ተረኩላት። አጎንብሳ ሰማችኝ። ያለቀሰች መስሎኝ ስጠጋት እየሳቀች ኖሯል።

«ላም? እኔ?» አለች። «ያለሁበት አገር ላም የት ይኖራል! ዝንቡ ገንዲ የሚሉትን የከብት በሽታ እያስያዘ ይፈጀዋል። ይኸው እስከ ዛሬ ወተት ያማረኝ ነኝ።»

ከዚያ የራሷን ጀመረች። መሐል ላይ አባቴ መጥቶ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ያወረዷቸው ጫካ ውስጥ ነው፤ ዛፉ ከመግጠሙ የተነሣ ቀና ሲሉ ሰማይ አይታይም። ቤት የሚሠራው በሸንበቆ ነው። የማታውቀው ቋንቋ የሚናገሩ የአገሩ ሰዎች የሚበላውን ሥር ከማይበላው እየለዩ አሳይተዋቸዋል። ከእነሱ አንዷ የልጆቿ ክርስትና እናት ሆናለች። በመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም ወጥተው እየዘለሉ ተቀበሉት። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ አላቆመም። ልብሳቸው ሻገተ፣ እህሉ በቀለ። «በቃ፣ በቃ!» እያለች ወደ ላይ እንደ ጮኸች ነገረችን።

አባቴ እንደ መጽሐፉ ነው የያዛት። «ዝናቡ እንዲህ ከሆነ ሰው መቼ ያርሳል?» «ዛፉ ሰማዩን ከሸፈነው ገብሱ በምን ይበስላል?» «ገብስ የለም።» «ታዲያ ምን ትበላላችሁ?» «በቆሎ። ማንጎ።» «ማንጎ ምን ይመስላል?» በእጇ ቅርጹን ስትሠራለት አየሁ። ከአሥር ዓመት በላይ ያልጠየቀው ጥያቄ ነበረው፤ ሁሉንም ጠየቃት። በመጨረሻ እሱም አንድ ነገር ነገራት፤ እናታቸው ኩሬው ዳር ጆሮዋን አዘንብላ ትቀመጥ እንደ ነበር፣ አንዳንድ ቀን «ዛሬ ሰማኋት፣ እየናጠች ነው» ብላ ደስ ብሏት ትመለስ እንደ ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ ሻሿን አውርዳ ፊቷን ሸፈነች። አባቴም አላባበላትም፤ አጠገቧ ብቻ ቆየ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ «ውሰዱኝ» አለች። ሦስታችን ወረድን። በጋ ስለነበረ ኩሬው ጎድሏል፤ ዳር ዳሩ ጭቃ ነው፣ ሁለት ፍየሎች ይጠጣሉ። አክስቴ ዳሩ ቆማ ብዙ አየችው።

«እዚህ ውስጥ ነው የገባሁት?» አለች። «ጉልበቴንም አይሸፍን!»

አባቴ ሳቀ። ጮኾ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሷ ወርዳ ፊቷን ታጠበች፣ እግሯንም ታጠበች፤ ከዚያ ሽቅብ ተመለስን።

ልትመለስ ስትል በሰቆጣ በኩል ነውና የምትሄደው ከእኔ ጋር አደረች። ልብስ ሰፊው ማን እንደ ሆነች ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። ምንም አልጠየቋትም፤ ባለፈው ስለተማሩ ይመስለኛል። እሷ ናት መደርደሪያውን አይታ የጠየቀቻቸው።

«ይህች ልጅ የምትነግረኝ ይህ ነው? ከዚህ አንድ ይስጡኝ። እኔ አላነብም፤ ትልቋ ልጄ ታነብልኛለች።»

«ምን ዓይነት ይሁን?» አልኳት እኔ ፈጥኜ። ስለ ውኃ ዓለም የሚያወራ አንድ ነበረና እሱን ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ።

«እሱን ተዪው» አለች። «ሰው ጠፍቶ ቤቱ የሚመለስበትም አይሁን። እሱን ኖሬዋለሁ። የሚያስቅ የለም?»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው ፈለጉና ባለ አረንጓዴ ክሩን አወጡ፤ ጢሙን የሰረቁበት ንጉሥ አገር ላገር ጢሙን ሲፈልግ የሚዞርበት ነው። እንደማይመለስ እያወቁ ሰጧት። አባቴም አብሯት መጥቶ ነበርና እስከ መኪናው ሸኛት። ገብስ ቆሎ የሞላ ከረጢት አሸክሟት፣ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመ።

ዓመት ሳይሞላ አክስቴ ካለችበት አገር የመጣ መንገደኛ ለልብስ ሰፊው መልእክት አደረሰላቸው። «ሴትዮዋ፣ ንጉሡ ጢሙን ማግኘት አልነበረበትም፣ ያለሱ ያምር ነበር ብላለች። ልጇ ግን ለሠፈሩ ሁሉ እያነበበችው ነው፤ ሌላ ላኩልን ትላለች።» የዚያን ቀን በረንዳው ላይ የነበረው ክርክር አይረሳኝም። ጤና ረዳቷ አንድ ትላለች፣ የመጋዘኑ ሽማግሌ ዘንዶ ያለበትን ካልላካችሁ ይላሉ፤ አባቴም ለገበያ መጥቶ ነበርና ዱላውን ተደግፎ «የጨው ነጋዴዎቹን ላኩላት፤ እዚያ ጨው ውድ ነው ብላኛለች» አለ። የእሱ አሸነፈ።

እኔ ከዚያ ወደ መምህራን ኮሌጅ ሄድኩ፤ ሥራ የጀመርኩትም ጽጽቃ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ለዕረፍት ሰቆጣ ስገባ በረንዳው ላይ አንዲት ወጣት ልጅ ቆማ፣ በምዕራብ ሰው አነጋገር፣ ለልብስ ሰፊው ስለ ሰማይ ግመሎች ታስረዳለች። የአክስቴ ትልቋ ልጅ ናት፤ አጎቷን ልታይ መጥታ ነው። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በየመሐሉ ያቋርጣታል።

«ቆይ ቆይ» ይላታል፣ «ይህን ክፍል እኔ አልሰማሁትም። ያቺ ልጄ ስታነብልኝ ዘላዋለች ማለት ነው። እንደገና ከዚህ ጀምሪልኝ።»